ፎቶግራፍም ምስክር ነው፤ በሐሰት አናስመስክረው

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

በሰንበት ትምህርት ቤት ገጽ ላይ ስለ ጾም፣ ስለ ጸሎትና ስለ ምሥጢራት ማንበብ ለለመደ ሰው ስለ ካሜራ መጻፋችን እንግዳ ሊሆንበት ይችላል። እኔም ከአንድ ዓመት በፊት ቢሆን "ካሜራን ከእኛ ጋር ምን አገናኘው?" ባልሁ ነበር። ነገር ግን በአጥቢያችን በአንዲት ወጣት እኅት ላይ የደረሰውን ካየሁ በኋላ ዝም ማለት አልቻልሁም፤ በደሉን ካደረሱት መካከል አንዱ እኔ ነኝና።

የምንኖረው በሰሜን አሜሪካ ነው። ባለፈው ዓመት የንግሥ በዓል በዋለ ማግስት የአጥቢያችን ምእመናን መልእክት በሚለዋወጡበት የስልክ ቡድን ውስጥ አንድ ፎቶግራፍ ተለጠፈ። በአገር ቤት የሚገኝ ቤተ ክርስቲያን ነው፤ ከደመናው መካከል የወረደ የብርሃን ዐምድ በጉልላቱ ላይ ዐርፎአል፤ ዙሪያውን ስፍር ቍጥር የሌለው ሕዝብ ከቦታል። ከሥሩ "ይህን ተአምር አይቶ አሜን የማይል ማን ነው?" ተብሎ ተጽፎአል። አንድ ሰዓት እንኳ ሳይሞላ "አሜን" የሚለው ቃል ገጹን ሞላው። እኔም "አሜን" አልሁ። አልፌ ተርፌም አገር ቤት ላለችው እናቴ ላክሁላት።

በዚህ መካከል በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የምትማር፣ ከመዘምራኑም አንዷ የሆነች ልጅ እንዲህ ስትል ጻፈች፦ "ይቅርታ አድርጉልኝና ይህ ፎቶ የተቀነባበረ ይመስለኛል። ብርሃኑ ከላይ ከወረደ የሰዎቹ ጥላ ለምን ሁሉም ወደ ግራ ወደቀ? በቀኝ በኩል ያሉት አራት ጃንጥላዎችም በግራ በኩል እንደ ገና ይታያሉ።" በዚያ ዓመት በትምህርት ቤቷ የዲጂታል ፎቶግራፍና የምስል ማስተካከል ትምህርት መርጣ ትከታተል ነበር። ያየችውን ነው የተናገረችው።

የተሰጣት መልስ ምን ነበር ቢሉ፦ "ልጄ፣ እምነትሽ ደክሟል።" "ፈረንጆቹ ያስተማሩሽ ይህን ነው?" "ተአምር የምትመረምሪ አንቺ ማን ነሽ?" አባቷም በሰው ፊት አፍረው፣ በሚቀጥለው ዓመት ያንን ትምህርት እንዳትመዘገብ ነገሯት። ልጂቱ ከቡድኑ ወጣች። ሦስት ሰንበት ተከታትሎ በመዘምራኑ መካከል አልቆመችም። እኔ አስተማሪዋ ነኝ፤ ያን ጊዜ አንዲት ቃል አልተናገርሁላትም።

በአራተኛው ሳምንት ፎቶግራፉን አስፍቼ ተመለከትሁት። ጃንጥላዎቹ እነዚያው ነበሩ፤ የአንዱ ዘርፍ የተቀደደበት ቦታ ሳይቀር በግራም በቀኝም አንድ ዓይነት ነው። እግዚአብሔር የሰውን ፊት ሁለት ጊዜ አንድ አድርጎ አይፈጥርም፤ ጃንጥላም በአንድ ስፍራ ሁለት ጊዜ በአንድ ዓይነት መንገድ አይቀደድም። ልጂቱ ትክክል ነበረች። የደከመው የእኛ ጥንቃቄ እንጂ የእርስዋ እምነት አልነበረም።

እንግዲህ በዚህ ጽሑፍ የምንሟገተው ስለዚህ ነው። ፎቶግራፍ ምስክር ነው። ፎቶግራፍ ማንሳትንና ማስተካከልን የሚማር ልጅ ምስክርነት እንዴት እንደሚሰጥና እንዴት እንደሚጣመም ይማራል። ስለዚህ ልጆቻችንን ከዚህ ትምህርት ማራቅ ስሕተት ነው፤ ተምረው ሲመጡ አፋቸውን መዝጋት ደግሞ በደል ነው።

የሚማሩት ምንድን ነው?

ብዙ ወላጆች "ስልክ ያለው ሁሉ ፎቶ ያነሣል፤ ይህ ደግሞ ትምህርት ሆኖ ክፍል ይቀመጡበታል?" ይላሉ። ልጆቹ በክፍል ውስጥ የሚማሩት ግን ቍልፍ መጫንን ሳይሆን ብርሃንን ነው። የፎቶግራፉ ብርሃን በሦስት ነገሮች እንደሚመጠን ይማራሉ፤ እነዚህም የሌንሱ ቀዳዳ ስፋት፣ መዝጊያው ተከፍቶ የሚቆይበት ጊዜና አይኤስኦ የሚባለው ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት መጠን ናቸው። ቀዳዳው ሲሰፋ ከፊት ያለው ሰው ጎልቶ ከኋላው ያለው ይደበዝዛል። መዝጊያው ለሰከንድ አምስት መቶኛ ብቻ ሲከፈት የሚዘል ሰው በአየር ላይ እንደ ቆመ ይቀራል። አይኤስኦው ሲጨምር በሻማ ብርሃን እንኳ ማንሳት ይቻላል፤ ዋጋው ግን ምስሉ እንደ አሸዋ መጐርበጡ ነው።

ለእኛ ቅርብ የሆነ አንድ ምሳሌ እንጨምር። በጥምቀት ቀን በጠራራ ፀሐይ ነጠላ የለበሱ እናቶችን ፎቶግራፍ አንሥታችሁ ፊታቸው ለምን ጠቍሮ እንደሚወጣ አስባችሁ ታውቃላችሁን? ካሜራ ከፊቱ ያለውን ሁሉ በአማካይ እንደ ግራጫ ቈጥሮ ብርሃኑን ይመጥናል። ነጩ ነጠላ ብዙ ብርሃን ሲያንጸባርቅበት "ብርሃኑ በዝቶአል" ብሎ ይቀንሰዋል፤ ነጠላው ግራጫ ይሆናል፣ የእናቶቻችን ፊትም ጨለማ ይለብሳል። ትምህርቱን የተማረ ልጅ ብርሃኑን በእጁ አንድ ደረጃ ከፍ ያደርገዋል፤ ያን ጊዜ ነጠላው ነጭ፣ ፊቱም ፊት ይሆናል። ያልተማረ ግን ካሜራው የነገረውን ይቀበላል። ካሜራ በራሱ እውነትን ይናገራል የሚለው አሳብ ከመጀመሪያው ትምህርት ላይ ይፈርሳል። በፊልም ዘመንም ለብዙ አሥርተ ዓመታት የቀለም ማስተካከያ መለኪያ ሆኖ በየፎቶ ቤቱ ይሰጥ የነበረው ካርድ የነጭ ሴት ምስል የታተመበት ነበር፤ "የሸርሊ ካርድ" ይባላል። የጥቍር ሰው ፊት በዚያ መለኪያ ሲታጠብ መልኩን ያጣ ነበር።

ማስተካከል ሁሉ ሐሰት ነውን?

በአንድ በኩል "ኤዲት የተደረገ ሁሉ ውሸት ነው" የሚሉ አሉ። እነዚህን በትሕትና እንቃወማቸዋለን። ካሜራው ያጠቈረውን የእናት ፊት ወደ ነበረበት የሚመልስ ልጅ የጐደለውን እውነት መለሰ እንጂ አልዋሸም። ጠማማውን አድማስ ማቅናት፣ አምፖል ያቢጫመውን ነጭ ልብስ ወደ ነጭነቱ መመለስ፣ ከዳር ያለውን ትርፍ ነገር መከርከም፣ እነዚህ ሁሉ የምስክሩን ንግግር የሚያጠሩ ናቸው።

በሌላ በኩል ደግሞ "ፎቶ ነው፤ ምን ችግር አለው?" የሚሉ አሉ፤ እነዚህንም እንቃወማቸዋለን። እ.ኤ.አ. በ1982 ናሽናል ጂኦግራፊክ የተባለው መጽሔት በየካቲት ወር እትሙ ሽፋን ላይ የጊዛን ፒራሚዶች አቀራርቦ አወጣ። ምክንያቱ አግድም የተነሣው ፎቶግራፍ በቁመቱ ገጽ ላይ አልበቃ ስላለ ብቻ ነበር። ፎቶሾፕ ለገበያ የቀረበው ከዚያ ስምንት ዓመት በኋላ በ1990 ነው፤ ስለዚህ ጥፋቱን በመሣሪያው ላይ ማላከክ አይቻልም። በ1994 ደግሞ ታይም መጽሔት በግድያ ተከስሶ ገና ፍርድ ያልተሰጠበትን የኦ.ጄ. ሲምፕሰንን ፎቶግራፍ አጠቍሮ በሽፋኑ አወጣ። በዚያው ሳምንት ኒውስዊክ ያንኑ ፎቶግራፍ ሳያጠቍር አውጥቶት ነበርና ሁለቱ በአንድ መደርደሪያ ላይ ጎን ለጎን ታዩ። ያየ ሰው ሁሉ ጥቍረት ለወንጀለኝነት ምልክት ሆኖ እንደ ቀረበ ተረዳ።

አስተውሉ፤ የእናቶቻችንን ፊት ያበራው ልጅና የተከሳሹን ፊት ያጠቈረው ባለሙያ የተጠቀሙት በአንድ ዓይነት መሣሪያ ነው። ሁለቱም ብርሃንን ከፍና ዝቅ አደረጉ። ልዩነቱ ምንድን ነው ቢሉ፣ አንደኛው በስፍራው ወደ ነበረው መልክ መለሰ፤ ሁለተኛው በስፍራው ወዳልነበረ መልክ ወሰደ። ስለዚህ የሚጠየቀው ጥያቄ "ኤዲት ተደርጓል ወይስ አልተደረገም?" የሚለው አይደለም። "በዚያ ሰዓት በዚያ ስፍራ የቆመ ሰው ይህን አየን ብሎ በእግዚአብሔር ፊት ይምላልን?" የሚለው ነው። በሐሰት መመስከርን የሚከለክለው ትእዛዝ በአንደበት ለሚነገረው ብቻ የተሰጠ አይደለም።

እናንተም ወጣቶች፣ ይህ ጥያቄ ወደ እናንተም ይመጣል። ፊታችሁን በማጣሪያ እያቀላችሁ፣ አፍንጫችሁን እያቀጠናችሁ፣ ጠባሳችሁን እየፋቃችሁ የምትለጥፉት ምስል ስለ ማን ይመሰክራል? እግዚአብሔር በመልኩ የፈጠረው ፊት ምን ጐድሎት ነው? ጌታችን ከሙታን ተለይቶ ከተነሣ በኋላ እንኳ የችንካሩን ምልክት ከእጁ አላጠፋም፤ ለቶማስም ያሳየው ያንኑ ነው። ኖርዌይ ከ2022 ጀምሮ የሰውን አካል ቅርጽ ወይም ቆዳ አስተካክሎ የሚወጣ ማስታወቂያ ይህን የሚገልጽ ምልክት እንዲለጠፍበት በሕግ አዝዛለች። ፈረንሳይም የሞዴሎችን የሰውነት ቅርጽ የለወጠ የማስታወቂያ ፎቶግራፍ ላይ ይህ እንዲገለጽ ከ2017 ጀምሮ ታስገድዳለች። ዓለማዊ መንግሥታት ያፈሩበትን ነገር እኛ ልናፍርበት እንዴት ያቅተናል?

"ለበጎ ነው" ለሚሉ

ከሁሉ ይልቅ የከበደው ክርክር ይህ ነው። ያንን ፎቶግራፍ የለጠፉትን ወንድም በኋላ አግኝቼ ጠይቄአቸው ነበር። "እኔ አልሠራሁትም፤ ከሌላ ቦታ ነው ያገኘሁት። ቢሆንስ ማንን ጐዳ? ስንት ሰው አሜን አለ፣ ስንቱ ልቡ ተነካ" አሉኝ። ክፉ ሰው አይደሉም። ቤተ ክርስቲያንን የሚወዱ፣ በበዓል ቀን ከሁሉ ቀድመው መጥተው ወንበር የሚደረድሩ ናቸው። ነገር ግን ተሳስተዋል፤ ለምን እንደ ተሳሳቱም በግልጽ መናገር ይገባናል።

መጀመሪያ፣ እግዚአብሔር የእኛ ሐሰት አያስፈልገውም። ጻድቁ ኢዮብ ወዳጆቹን የወቀሰበት አንዱ ነገር ይህ ነበር፤ ለእግዚአብሔር የተሟገቱ መስሏቸው ውሸት ይናገሩ ነበርና (ኢዮ. ምዕ. 13)። ተአምር አለ ብለን እናምናለን። በየገዳማቱና በየጠበሉ የተደረገውን የሚያውቅ ያውቀዋል። ተአምር አለ ብሎ የሚያምን ሰው ደግሞ ተአምር ለመፈብረክ ከሁሉ ይልቅ ሊፈራ ይገባዋል። እውነተኛ ገንዘብ የያዘ ሰው ሐሰተኛ ገንዘብ በገበያው ሲዘዋወር ዝም አይልም፤ የእርሱንም ዋጋ ያሳጣበታልና።

ሁለተኛ፣ ሐሰቱ የሚጐዳው ያዘነውን ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ1860ዎቹ በአሜሪካ በቦስተን ከተማ ዊልያም መምለር የሚባል ፎቶግራፍ አንሺ ነበረ። ፎቶ ሊነሣ ከመጣው ሰው ኋላ የሞተ ዘመዱን መንፈስ የሚያሳይ ምስል አወጣለሁ ብሎ ገንዘብ ይቀበል ነበር። ጊዜው በእርስ በርስ ጦርነት ብዙ ቤት ያዘነበት ነውና ደንበኛ አላጣም። ሌሎች ፎቶግራፍ አንሺዎች ግን ሁለት ምስሎችን በአንድ መስታወት ላይ ደርቦ በማንሳት እንዲህ ያለውን "መንፈስ" ማንም ሊሠራ እንደሚችል ያውቁ ነበር። በ1869 በኒው ዮርክ በማጭበርበር ተከሶ ቀረበ፤ ማስረጃው ስላልበቃ ተለቀቀ። ከዚያም በኋላ የተገደለው የፕሬዚዳንት ሊንከን ሚስት ወደ እርሱ ሄዳ፣ ከኋላዋ ባሏ እጁን በትከሻዋ ላይ ያሳረፈ የሚመስል ምስል ተቀበለች። ይህችን ሴት ያጽናናት ማን ነው? የተደረቡ ሁለት ምስሎች ናቸው። እንዲህ ያለውን መጽናናት ለእናቶቻችን እንመኝላቸዋለንን?

ሦስተኛ፣ ሐሰቱ እውነቱን ይዞ ይወድቃል። እ.ኤ.አ. በ2006 በሊባኖስ ጦርነት ጊዜ ሮይተርስ የተባለው የዜና ወኪል በቤይሩት ላይ የሚወጣ ጥቍር ጢስ የሚያሳይ ፎቶግራፍ አሠራጨ። ተመልካቾች ጢሱን አስተውለው ሲያዩት አንዱ ጥቅልል ደጋግሞ መገልበጡን ተረዱ፤ ልክ እኅታችን ጃንጥላዎቹን እንደ ቈጠረችው ማለት ነው። ወኪሉ ከዚያ ፎቶግራፍ አንሺ ጋር የነበረውን ውል አቋረጠ፤ የሸጠለትን 920 ፎቶግራፎችም ሁሉ ከመዝገቡ አነሣ። ከእነዚያ መካከል እውነተኛ የነበሩ አልነበሩምን? ይኖራሉ። ነገር ግን ከእንግዲህ ማን ያምናቸዋል?

ይህን ከሩቅ ታሪክ ብቻ አልተማርሁትም። ስሕተቴን ካወቅሁ በኋላ ለእናቴ ደወልሁና "እማዬ፣ ያ የላክሁልሽ ፎቶ እውነተኛ አይደለም" አልኋት። ጥቂት ዝም ብላ፣ "ልጄ፣ እኔ እኮ ለማኅበርተኞቼ ሁሉ አሳይቻለሁ፤ አሁን ለማን ለማን ልንገር?" አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። ከሁለት ወር በኋላ የልጄን የክርስትና ቀን ፎቶግራፍ ላክሁላት። በነጭ ልብስ ተጠቅልሎ፣ በአንገቱ ማዕተብ ታስሮለት፣ በክርስትና አባቱ እጅ ላይ ሆኖ የተነሣ ነው። ደስ ይላታል ብዬ ስጠብቅ መጀመሪያ የጠየቀችኝ "ይህስ እውነት ነው?" ብላ ነው። ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ "ማንን ጐዳ?" ለሚለው ጥያቄ የእኔ መልስ ይህ ነው። እናቴ የገዛ ልጄን የክርስትና ቀን ተጠራጥራ እንድታይ አደረግኋት።

ሥዕለ አድኅኖስ?

አንድ ወንድም ደግሞ ብልህ ጥያቄ አነሣ። "የቅዱሳን ሥዕል ሲሣል በራሳቸው ዙሪያ የብርሃን አክሊል ይደረጋል። ሠዓሊው ያንን በሥጋ ዓይኑ አላየም። እንግዲያ በፎቶግራፍ ላይ ብርሃን መጨመር ለምን ይነቀፋል?" አለ። ጥያቄው መልስ ይገባዋል።

ሥዕል ሥዕል ነኝ ይላል። በአባቶቻችን የአሣሣል ሥርዓት ቅዱሳን ፊታቸው በሙሉ፣ ሁለት ዓይኖቻቸውም ተገልጠው ይሣላሉ፤ ክፉዎች ግን በጎን፣ በአንድ ዓይን ይሣላሉ። ይህን የሚያይ ምእመን ሠዓሊው "በዚያ ቀን ይሁዳ አንድ ዓይን ብቻ ነበረው" ብሎ እንደማይመሰክር ያውቃል። አክሊሉም፣ ዓይኖቹም፣ ቀለሙም ሁሉም የሚያነብበው የታወቀ ቋንቋ ነው። ሠዓሊው ማንንም አላታለለም፤ የሚናገረው ስለ ቅድስና እንጂ ስለ ዕለቱ የአየር ጠባይ አይደለም።

ፎቶግራፍ ግን "እኔ እዚያ ነበርሁ፤ ይህ በፊቴ ቆሞ ነበር" ይላል። ኃይሉም፣ የምናምንበትም ምክንያት ይህ ብቻ ነው። እንግዲህ በፎቶግራፍ ላይ የብርሃን ዐምድ ጨምሮ ያልተደረገውን ተደረገ የሚል ሰው የሠዓሊን ሥራ አልሠራም፤ የሐሰተኛ ምስክርን ሥራ ሠርቶአል። ያው ሰው ያንኑ ብርሃን በቀለም ሥሎ ቢያመጣልን እጁን ስመን በተቀበልነው ነበር። ጥፋቱ ብርሃኑ መጨመሩ ላይ ሳይሆን "በዚያ ቀን ይህ ታየ" መባሉ ላይ ነው።

ካሜራ ቤተ ክርስቲያንን ሲያገለግል

ካሜራ ለቤተ ክርስቲያን ያደረገውን የማያውቅ ወላጅ ይህን ይስማ። እ.ኤ.አ. በ1973 የኢትዮጵያን የብራና መጻሕፍት በማይክሮፊልም የማንሳት ሥራ ተጀመረ። በየገዳማቱና በየአድባራቱ የሚገኙ ከዘጠኝ ሺህ በላይ መጻሕፍት ተነሡ፤ ቅጂዎቹም በአሜሪካ በሚኒሶታ ግዛት በኮሌጅቪል ተቀመጡ። እነዚያን ፊልሞች ለብዙ ዓመታት እያነበቡ ዝርዝራቸውን ያዘጋጁት ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ በ1975 በጥይት ተመተው ከወገባቸው በታች መንቀሳቀስ የተሳናቸው ሰው ነበሩ። ወደ ገዳማቱ መውጣት ለማይችሉት ሊቅ ካሜራው ገዳማቱን ወደ ጠረጴዛቸው አመጣላቸው።

አሁን አስቡት። ያን ጊዜ ፎቶግራፍ አንሺዎቹ "ለበጎ ነው" ብለው የተቀደደውን ቅጠል ደፍነው፣ የሰም ጠብታውን ፍቀው፣ የደበዘዘውን ፊደል በግምት አድምቀው ቢሆን ኖሮ፣ ሊቁ ያነበቡት የአባቶችን ጽሕፈት ይሆን ነበርን? የፎቶግራፍ አንሺውን ግምት ባነበቡ ነበር። ያ ሁሉ ሥራ ዋጋ ያገኘው ቅዳዱን ቅዳድ፣ ጠብታውንም ጠብታ አድርጎ ስላስቀረ ነው።

ምስልን በኮምፒዩተር ማቀናበርም ለእውነት ሊገዛ ይችላል። በደብረ ሲና በቅድስት ካትሪን ገዳም የቀድሞ ጽሕፈታቸው ተፍቆ ሌላ የተጻፈባቸው ብራናዎች አሉ። እ.ኤ.አ. ከ2011 እስከ 2016 ባለሙያዎች እነዚህን ብራናዎች በልዩ ልዩ የብርሃን ዓይነት እያነሡ፣ ምስሎቹን በኮምፒዩተር እያቀናበሩ፣ ከዘመናት በፊት የተፋቀውን ፊደል እንዲነበብ አደረጉ። ይህም "ኤዲት" ነው። ነገር ግን የሌለውን አልጨመረም፤ ያለውን ገለጠ። ከልጆቻችን አንዱ ነገ የዚህ ሥራ ባለሙያ ሊሆን ይችላል። መንገዱ የሚጀምረው ዛሬ ከምንነቅፈው ክፍል ነው።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

ወላጆች ሆይ፣ ልጃችሁ ይህን ትምህርት መርጦ ሲመጣ አትከልክሉት። ቀልድ ነው ብላችሁም አትናቁት። በዚህ አገር የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች በከፍተኛው የሥነ ጥበብ መርሐ ግብር ለውጤት የሚያቀርቡት ሥራ አንዱ ክፍል ዐሥራ አምስት ምስሎችን ይይዛል፤ ተማሪው በምን እንደ ሠራውና ምን እንደ መረመረ በጽሑፍ ያስረዳል። የሌላውን ሰው ሥራ የራሱ አስመስሎ ማቅረብ አይፈቀድለትም፤ ሰው ሠራሽ አስተውሎት በየትኛውም ደረጃ መጠቀምም ፈጽሞ ክልክል ነው። ልብ በሉ፤ የዐሥራ ሰባት ዓመት ልጅ በዓለማዊ ትምህርት ቤት ስለ አንድ ፎቶግራፍ ይህን ያህል ሲጠየቅ፣ እኛ በእግዚአብሔር ስም ለምንለጥፈው ምስል ማን አነሣው፣ መቼ፣ የት ብለን አንጠይቅም።

በየሰንበት ትምህርት ቤቱ የሚዲያ ክፍል የምታገለግሉ ወንድሞችና እኅቶች ሆይ፣ ካሜራው የሰጣችሁን የመጀመሪያ ፋይል ሳትነኩ አስቀምጡ፤ የምታስተካክሉት ቅጂውን ይሁን። ብርሃንና ቀለምን ወደ ነበረበት መልሱ፤ ያልነበረ ሕዝብ፣ ያልነበረ ደመና፣ ያልነበረ ብርሃን አትጨምሩ፤ የነበረውንም ሰው አታጥፉ። ለበዓል ማስታወቂያ ብላችሁ ያቀናበራችሁትን ምስል "ቅንብር" ብላችሁ ጻፉበት። ምንጩን የማታውቁትን አትለጥፉ። በቅዳሴ ጊዜም ሌንሳችሁ የሚቆምበትን ስፍራ ከካህናቱ ጠይቃችሁ እወቁ፤ መነሣት የሌለበት ነገር አለና።

ምእመናን ሆይ፣ "አሜን" ከማለታችን በፊት አንድ ጊዜ አስፍተን እንይ። ጥላው ወዴት ወደቀ? ሕዝቡ ተደጋግሞአልን? ይህ ጥርጥር አይደለም፤ አሜን ለሚባለው ቃል ያለን አክብሮት ነው። አሜን ማለት እውነት ነው ማለት ነውና፣ ላላረጋገጥነው ነገር እንዴት እንለዋለን?

ስለዚያች እኅት አንድ ቃል ጨምሬ ልፈጽም። ባለፈው ወር በሰንበት ትምህርት ቤቱ ጉባኤ ላይ በሁሉ ፊት ይቅርታ ጠየቅኋት፤ ፎቶግራፉን የለጠፉትም ወንድም ተነሥተው ጠየቋት። ወደ መዘምራኑ ተመልሳለች። ዘንድሮ ግን አባቷ እንዳሉት ያንን ትምህርት አልወሰደችም። የቀጣዩ ዓመት የትምህርት ምዝገባ በቅርቡ ይጀመራል፤ አባቷም ገና አልወሰኑም። እርሳቸው ይህን ጽሑፍ እንደሚያነቡት አውቃለሁ። አባታችን፣ ልጅዎ በዚያን ቀን አላሳፈረችዎትም። ከሁለት መቶ በላይ ሰው "አሜን" ባለበት ቡድን ውስጥ እውነቱን የመሰከረችው እርስዋ ብቻ ነበረች። ይመዝገቡላት።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ ወለወላዲቱ ድንግል፤ ወለመስቀሉ ክቡር።